ፊላው የደረቀ ኩሬ

የየኔታ ገዳሙን አስከሬን ከኩሬው ሲያወጡ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ከጮቄ ተራራ የወረደው የጥር ጉም ግቢውን ሞልቶት፣ በገመድ ላይ የተሰጡት ቀይ ነጠላዎች አንዴ እየታዩ አንዴ እየጠፉ፣ ሰው የለበሳቸው ይመስሉ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ እንቅልፌን ሳልጨርስ ነው የደረስኩት። ጣቢያ ውስጥ “ኢንስፔክተር ሰውነት ቆሞ ያልማል” ይሉኛል፤ ሐሰትም አይደለም። ያን ዕለት ዓርብ ማለዳ ግን የማየው ሁሉ ሕልም በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ሟቹን አውቃቸው ነበርና።

የኔታ በወጣትነታቸው ዲማ ቅኔ ቤት ገብተው፣ ቅኔውን ሳይጨርሱ የብራና ቀለም ሲበጠብጡ የቀሩ ሰው ናቸው። “ቅኔው ሲያቅተኝ ቀለሙ ታረቀኝ” እያሉ በራሳቸው ይስቁ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ይህ የሽመና ድርጅት ሲቋቋም የማቅለሚያ ቤቱን ለእሳቸው ሰጧቸው። ድርጅቱ የፋብሪካ ቀለም አይነካም፤ ነጠላው ሁሉ በሥርና በቅጠል ይቀለማል። የማቅለሚያው እጣቢ ፊላ በተተከለባቸው ሦስት ኩሬዎች እየተጣራ ይወርድና ወንዝ የሚገባው ላም የሚጠጣው ውሃ ሆኖ ነው። ሰማንያ አራት ሴቶች እንጀራቸውን ከዚህ ያገኛሉ። ከሩቅ አገር ሳይቀር እየመጡ የሚያዩት ሥራ ነበር፤ እኛም የማርቆስ ሰዎች እንደ ራሳችን ሥራ እንኮራበታለን።

አስከሬኑን ያገኘው ጥበቃው ይስማው ነው። ቃሉን ሰጠኝ።

“አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው ያገኘኋቸው። መጀመሪያ የታየኝ ጋቢያቸው ነው። ነጠላ ነፋስ የጣለው መስሎኝ በእንጨት ልስበው ነበር።”

“ማታስ የት ነበርክ?”

“እዚህ አጠገብ፣ ሠርግ ቤት። የሥራ አስኪያጃችን የሃኒ እኅት እሑድ ልትዳር አይደል? ዳስ ስናቆም አመሸን። ግቢውን ቆልፌ ነው የሄድኩት። ቁልፍ ያለን እኔ፣ የኔታና ሃኒ ነን።”

ከኩሬው ዳር ቁጢጥ አልኩ። የመጀመሪያው ኩሬ ውሃው እንዳይሰርግ ጎኑ በሙሉ በወፍራም ጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል፤ ላስቲኩም የሚያሙለጨልጭ አረንቋ ለብሷል። አረንቋው ላይ የጥፍር ጭረት አየሁ። ከውሃው ተነሥቶ ክንድ ያህል ወደ ላይ ይመጣና ይመለሳል፤ ከአጠገቡ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሰውየው ሊወጡ ሲታገሉ ነበር። ሌላም ነገር አየሁ፤ የሦስተኛው ኩሬ ፊላ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ኩሬ ፊላ ከሥሩ ደርቋል። ይህን ልብ አልኩና እንደ ሕልመኛ ሰው ወዲያው ረሳሁት።

የየኔታ ባለቤት ወይዘሮ ስሜነሽ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። የንስሐ አባታቸው ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

“ልጄ፣ ከተማው ‘ራሱን ጣለ’ ይላል። ይህ እውነት ከሆነ ፍትሐት የለውም፤ የሚቀበረውም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው። እኔ በወሬ አልፈርድም። ያንተን ቃል እጠብቃለሁ። ግን ሐኪሞቹ ዛሬ ከጨረሱ አስከሬን እስከ ነገ ቀትር ነው የማቆየው።”

“ራሱን ጣለ ያለው ማን ነው?”

“ማታ ለሥራ አስኪያጇ ደውሎ ተስፋ መቁረጡን ነግሯት ነበር አሉ።”

ወይዘሮ ስሜነሽ ሰምተዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

“አርባ ዓመት ቆጥሬያለሁ አብሬው። ማታ እራቱን ሳይበላ የማይተኛ ሰው ነው። ሰውነት፣ አንተ የአገራችን ልጅ ነህ፤ ባሌን ከውጭ አታስቀብርብኝ።”

ሞት ብዙ አይቻለሁ፤ የሞተ ሰው የት ይተኛ ይሆን ብዬ ግን ተጨንቄ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ተጨነቅሁ።

*

ሃኒ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ጠበቀችኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሕር ዳር ተምራ ለአገሯ የተመለሰች፣ ሁሉም “እንደሷ ያለች ልጅ ይስጠን” የሚላት። ዐይኗ አብጧል። ከኋላዋ ግድግዳውን የሞላ ትልቅ የሥራ ሠንጠረዥ ተለጥፏል። ትናንሽ ባለ ቀለም ካርዶች በየሳጥኑ ተሰክተዋል፤ “ሥር መትከል”፣ “ሥር መቆፈር”፣ “ቀይ ማቅለም”። ሁሉም “ተጠናቀቀ” ከሚለው መስመር ደርሰዋል። እኔ በሕይወቴ አንድም ነገር በቀጠሮው ጨርሼ ስለማላውቅ ሠንጠረዡን በአክብሮት አየሁት።

“ማክሰኞ ገንዘብ የሚሰጡን እንግዶች ይመጣሉ” አለች። “ሁለተኛው ምዕራፍ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከቀጠለ ሌላ መቶ ሴቶች ይጨመራሉ፤ ካልሆነ ያሉትም ይበተናሉ። ኩሬውን እየዞሩ የሚያሳዩት የኔታ ነበሩ።”

“ማታ ምን አሉሽ?”

“አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ። ‘ደክሞኛል፤ ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ሆነ’ አሉኝ። ያልኳቸውን አልሰሙኝም፤ ዘጉት። ምነው ሄጄ ባየኋቸው።”

“ለምን አልሄድሽም?”

ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ግራው እስከ አንጓዋ ሊጠቁር የደረሰ ቀይ ነው፤ ቀኙ ብርቱካን መስሏል።

“ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ታስሬ ነበር። ለእኅቴ ሠርግ እንሶስላ ገብተን። ስልኩን እንኳ ጆሮዬ ላይ የያዘችልኝ አክስቴ ሽታዬ ናት። እራቴንም ያጎረሰችኝ እሷ ናት።”

ሳላስበው ፈገግ አልኩ። በሥራ ዘመኔ ሰክሬ ነበር ያለኝ፣ ታምሜ ነበር ያለኝ፣ እስር ቤት ነበርኩ ያለኝም አለ። እንዲህ ያለ ምክንያት ግን ሰምቼ አላውቅም። የተወቀጠ ሥር በሁለት መዳፏ ተለስኖ፣ በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በጨርቅ ተጠፍሮ ያደረች ሴት ማንን ትገፋለች? ቀኝ እጇ መንጣቱንም አይቼ፣ ስትጽፍና ስትታጠብ ለቆባት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ወንደላጤ ነኝ፤ የሴቶችን ጓዳ አላውቅም።

ልወጣ ስል አንድ ነገር ለመነችኝ።

“ኢንስፔክተር፣ እባክዎ ነገሩ እስከ ማክሰኞ ድረስ ባይጮህ? ስለ ሴቶቹ ብለው።”

የለመነችበት ድምፅ እውነተኛ ነበር። አሳዘነችኝ።

*

ሌላ የሚጠረጠር ሰው ግን ነበረኝ። ውበቱ የተባለ ገበሬ ከኩሬዎቹ በታች ወንዙ ዳር ያርሳል። ከሁለት ሳምንት በፊት ላሙ ሞታበት፣ በገበያ መሐል “ይህን ቀለም ቀቢ ከራሱ ውሃ ካልደፈቅሁት” ብሎ በየኔታ ላይ መፎከሩን ሦስት ሰው ነግሮኛል።

አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራይ አገኘሁት። ገለባው በብርሃኑ ውስጥ እየተንሳፈፈ ወርቅ ይመስላል። መንሹን አስቀምጦ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ሳልጠይቀው ጀመረ።

“ፎክሬያለሁ። አልክድም። ላሜ ያን ውሃ ጠጥታ ነው የሞተችው፤ ከኅዳር ጀምሮ ወንዙ ይሸታል። ግን ፎክሬ ስጨርስ የኔታ እዚሁ አውድማዬ ድረስ መጡ።”

“ለምን?”

“ይቅርታ ሊሉኝ። ከወንዙ በጠርሙስ ቀዱ፤ አሸተቱት፤ ምላሳቸውም ላይ አደረጉት። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሱ። ‘ይህ የኔ ቀለም አይደለም ውበቱ፣ የኔ ቀለም ላም አይገድልም’ አሉኝ። እኔ ለላሜ አላለቀስኩም፤ እሳቸው አለቀሱላት።”

“ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?”

ዙሪያውን በእጁ አሳየኝ። አሥራ አንድ ጎረቤቶቹ መንሻቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩናል።

“ደቦ ላይ። እስኪጨልም እዚሁ፣ ከጨለመም በኋላ ቤቴ። ሁሉንም ጠይቃቸው፤ ጠላዬን ጨርሰውብኝ ነው የሄዱት።”

ሳቁ። እውነቱን ነበር። ጥርጣሬዬ ፈረሰ፤ በፈንታው ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ። የየኔታ ካልሆነ የማን ቀለም ነው?

*

ማርቆስ ገበያ ውስጥ ክርና ቀለም የሚሸጠው አብዱልቃኒ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ የድውሩና የማጉ ክር እስከ ጣሪያ ተከምሮ፣ ውስጧ ሲገቡ ድምፅ ሁሉ ይሰጥማል። የጁምዓ ሶላት ሰግዶ ገና መመለሱ ነው። የኔታን ስጠራቸው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

“ረቡዕ ዕለት እዚህ ነበሩ፤ አንተ የቆምክበት ላይ። ‘ቀይ ዱቄት ለኛ ግቢ ሸጠሃል ወይ?’ አሉኝ። ወላሂ አልዋሸኋቸውም።”

“ሸጠሃል?”

“ከኅዳር ወዲህ አራት በርሜል። የወሰደችው ሃኒ ናት፤ ‘ለሙከራ ነው’ አለችኝ። እኔ ለምንጣፍ ሠሪ የምሸጠው ነገር ነው፤ ሕግ የሚከለክለው አይደለም።”

“የኔታ ሲሰሙ ተናደዱ?”

“ምነው በተናደዱ። ዱቄቱን አሳየኝ አሉና ጣታቸውን ነክረው ወደ ብርሃኑ ያዙት። ‘ቆንጆ ነው’ አሉ፤ ‘ቸኩሎ የተሠራ ቆንጆ።’ ከዚያ ከልጅቷ ጋር ቀስ ብዬ እነጋገራለሁ ብለው ሄዱ።” ድምፁ ወረደ። “ጥፋተኛው እኔ ነኝ ወይ?”

“አይደለህም” አልኩት። ግን ሳላምንበት ያልኩት መስሎት ይሆናል፤ እስከ በሩ እየተከተለ አየኝ።

ከሱቁ ስወጣ ምክንያቱን ይዣለሁ፤ ሰው ግን አልያዝኩም። ሃኒ ለየኔታ ሞት ምክንያት ነበራት፤ እጅ ግን አልነበራትም። የኔታም ቢሆኑ ሥራቸው በሐሰት ቀለም መርከሱን ሰምተው ልባቸው ተሰብሮ ይሆናል። ይህን ሳስብ የወይዘሮ ስሜነሽ ፊት መጣብኝና ሐሳቡን ጠላሁት።

*

ማምሻውን ሆስፒታል ገባሁ። ሐኪሟ ጨርሳ ጠበቀችኝ።

“ሰምጠው ነው የሞቱት። ምት የለም፤ ከሰው ጋር የታገሉበት ምልክትም የለም። ጥፍራቸው ግን ተሰብሯል። ቀኝ እጃቸው ውስጥ ጨብጠውት የነበረው ደግሞ ይኸው፤ ጨርቅና የኩሬ ሣር መሰለኝ።”

በፖስታ ሰጠችኝ። ጣት ያህል የነጭ ጨርቅ ቅዳጅ ነው፤ ከሱ ጋር የተጨማደደ ቅጠልና ቀላ ያለ ጭቃ። የማቅለሚያ ቤት ኮተት መስሎኝ ኪሴ ከተትኩት።

ያን ሌሊት የኔታን በሕልሜ አየኋቸው። ጉም ውስጥ ቆመው በሁለት እጃቸው ሁለት ቀይ ጨርቅ ይዘዋል። አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ፈዛዛ። “ሰውነት፣ አድሮ የተነሣው የትኛው ነው?” አሉኝ፤ አንድም ነገር ሳያውቅ ለተማሪነት እንደመጣ ልጅ እየሳቁብኝ። ሕልም ማስረጃ አይሆንም፤ ለአለቃዬም አልነገርኩትም። ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት የሄድኩት ወደ ጣቢያ ሳይሆን ወደ ሠርግ ቤቱ ነው።

*

ዳሱ ቆሟል። በየኔታ ሐዘን ምክንያት ዘፈኑ ቀርቶ ሴቶቹ ዝግ ባለ ድምፅ እያወሩ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሙሽራዋ እየሩስ ወጥታ ሰላም አለችኝ። እጆቿን አየሁ፤ ሁለቱም እኩል የጠቆረ ቀይ፣ ልዩነት የላቸውም። ከአጥሩ ሥር ደግሞ የጠወለገ የጉሎ ቅጠልና የተቀዳደደ ነጭ ጨርቅ ተከምሯል፤ ሐሙስ ማታ የታሰሩበት። ፖስታዬን አወጣሁና ከክምሩ አንዱን አንሥቼ አስተያየሁት። ጨርቁ ያው ነው። ቅጠሉም ያው። የኔታ ሲሞቱ በእጃቸው የያዙት የሰው እጅ ማሰሪያ ነበር።

አክስትየዋን፣ እትዬ ሽታዬን፣ ከጓዳ አስጠራኋቸው። ከባድ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። እጃቸው ላይ ቀለም የለም፤ ሌላውን ሲያስሩ የራሳቸው ቀረ።

“እትዬ፣ እንሶስላ ሳያድር ቢፈታ ምን ይሆናል?”

“ይነጣል። ያላደረ ብርቱካን ነው። ያደረ ነው የሚጠቁር። ይህን ሁሉም ያውቃል።”

“እኔ አላውቅም ነበር። የሙሽራዋ ሁለቱ እጅ እኩል ነው?”

“እኩል ነው።”

“የሃኒስ?”

ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ቀና አሉ። እትዬ ሽታዬ ወደ ዳሱ ጥግ ይዘውኝ ሄዱ።

“ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነኝ” አሉ። “ጆሮ የለኝም አልልህም። ደክሞኛልም፣ ከንቱም አላሉም። ‘ልጄ፣ ሳይመሽ ነይና ፊላውን እይው’ ነው ያሉት። እሷም በጓሮ በኩል ወጣ አለች፤ ለሽንት መስሎኝ ነበር። ቆየች። ስትመጣ የቀኝ እጇ ማሰሪያ የለም፤ ቀሚሷም እስከ ጉልበቷ ርሷል። ‘አንሸራቶኝ ወደቅሁ፣ እጄም ተፈታብኝ’ አለችኝ። የተረፈኝን ሥር ሙልጭ አድርጌ ጠርጌ በአዲስ ቅጠል አሰርኩላት፤ ሥሩ ግን አልበቃም። ስለዚህ ነው የነጣው።”

“ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገሩም?”

“ሠርግ ነው። ማንም አልጠየቀኝም።” ከዚያ መቀነታቸውን እያጠበቁ ጨመሩ። “ሴትዮዋ ግን፣ ስሜነሽ፣ ባሌ ከውጭ ሊቀበር ነው እያለች ስታለቅስ ማደሯን ዛሬ ነገሩኝ። ዛሬ ባትመጣ እኔ እመጣ ነበር።”

እንደሚመጡ አመንኳቸው።

*

ሃኒን ያገኘኋት የመጀመሪያው ኩሬ ዳር ነው፤ ብቻዋን። የደረቀው ፊላ ተነቅሎ፣ ከወንዝ የመጣ አዲስ አረንጓዴ ፊላ በእሥር በእሥር ሆኖ ለተከላ ተቀምጧል። ማክሰኞ እንግዶቹ የሚያዩት ይህን ነበር። ጉሙ እየሳሳ ነው።

ምንም ሳልላት ከኩሬው ጠርዝ ላይ በሆዴ ተኛሁና አንድ እጄን ወደ ውሃው ዘረጋሁ። ላስቲኩ ላይ የነበረው የጥፍር ጭረት ከጣቶቼ ጫፍ ደረሰ።

“በአንድ እጅ ሰው ከዚህ ይወጣል?” አልኳት።

“አይወጣም።”

“በሁለትስ?”

አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ብርቱካን።

“ሥሩ ለመድረስ ሁለት ዓመት ይፈልጋል” አለች። “የኔታ ነግረውኝ ነበር። እኔ ሠንጠረዡ ላይ ስድስት ወር ብዬ ጻፍኩ፤ ምክንያቱም ስድስት ወር ካላልኩ ሥራው አይፈቀድም። ጊዜው ሲደርስ ሥር የለም። ነጠላው ደግሞ ሊላክ ቀጠሮ ተይዟል። የኔታ በሌሉበት ሰዓት፣ አንድ በርሜል ብቻ ብዬ ጀመርኩ።”

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይላል ያገሬ ሰው። አላልኩትም፤ የሚባልበት ሰዓት አልነበረም።

“ሐሙስስ?”

“ጠርተውኝ መጣሁ። አልተቆጡኝም። ‘ማክሰኞ እውነቱን አብረን እንነግራቸዋለን፤ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ’ አሉኝ። ለመንኳቸው። ‘ፊላው እንኳ መስክሯል እኮ ልጄ’ ብለው አንዱን ነቅለው ሊያሳዩኝ ጎንበስ ሲሉ አንሸራተታቸው። አልገፋኋቸውም። በእኅቴ ሠርግ እምላለሁ፣ አልገፋኋቸውም።”

“አምንሻለሁ።”

“ቀኝ እጄን ሰጠኋቸው፤ ማሰሪያው ተሞልጮ በእጃቸው ቀረ። ባዶ እጄን ሰጠኋቸው፤ ያዙኝ። ግን ያሙለጨልጫል፤ ጋቢያቸውም ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ‘በሁለት እጅሽ ልጄ’ አሉኝ። ግራ እጄን በጥርሴ ልፈታው የጨርቁን ጫፍ ነከስኩት።”

“እሺ?”

“ማክሰኞ ትዝ አለኝ።”

ከሠርግ ቤቱ በኩል ዳስ የሚያስተካክሉ ሰዎች ድምፅ ይሰማ ነበር። ሐሙስ ማታም እንዲሁ ይሰማ ነበር ማለት ነው፤ አንዴ ብትጮህ ይደርሱ ነበር።

“ነክሼው ቆየሁ” አለች። “ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። እሳቸው ቀና ብለው እጄን አዩ፤ ከዚያ ዐይኔን አዩ። ገባቸው። ምንም አላሉም። ለቀቁኝ።” ወደኔ ዞረች። “ራሳቸውን ጣሉ ስል ሙሉ ውሸት አልመሰለኝም፤ ለቀቁኝ እኮ፣ ኢንስፔክተር።”

ብዙ ገዳይ አስሬያለሁ። የሷንም ሁለት እጅ አሰርኩ። ልጠላት ፈልጌ አልቻልኩም፤ ላዝንላትም ፈልጌ ያም አልሆነልኝም።

*

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስደርስ ቀትር ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። የዕድሩ ሰዎች አካፋና ዶማቸውን ይዘው የቅጥሩ በር ላይ ቆመዋል። ውስጥ ይቁፈሩ ውጭ ስላላወቁ አንድም አፈር አልነኩም። የንስሐ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። ወይዘሮ ስሜነሽ ከአጠገባቸው ናቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጭረቱን፣ ማሰሪያውን፣ የተዘረጋውን እጅና ያልተፈታውን እጅ። መጨረሻ ላይ እሳቸው እጇን መልቀቃቸውንም ሳልደብቅ ነገርኩ፤ መደበቅ አምሮኝ ነበር፤ ግን ግማሽ እውነት ይዘው ፍትሐት እንዲያደርጉ አልፈለግሁም።

አባ ወደኔ ቀረብ አሉ።

“‘በሁለት እጅሽ’ ብሎ ለምኗል?”

“ለምነዋል አባቴ።”

“ሊወጣ የለመነ ሰው ራሱን አልገደለም።” መቋሚያቸውን አንሥተው ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከዋርካው ሥር አመለከቱ። የዕድሩ ሰዎች ተራ በተራ እየተሳለሙ ገቡ፤ ወዲያው የዶማው ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ስሜነሽ ከዓርብ ጀምሮ ይዘውት የነበረውን ትንፋሽ አወጡና እጄን ያዙ። ድርጅቱ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ ሴቶቹም ለቀብር መጥተው በየጥጉ ቆመው፣ እነሱም አያውቁም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ። ወይዘሮ ስሜነሽ የለመኑኝን ፈጽሜ ነበር።

ትንሽ እንደቆየን ወይዘሮ ስሜነሽ እጄን እንደያዙ ጠየቁኝ።

“ልጅቷ እጇ የታሰረው በምን ነበር?”

“በእንሶስላ። ለእኅቷ ሠርግ።”

“ሐሙስ ዕለት?”

“ሐሙስ ዕለት።”

ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሩ። ድምፃቸው ሲመጣ ከወትሮው አልተለየም፤ ስለ ገበያ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

“የእንሶስላውን ሥር የቆፈረላቸው እኮ ባሌ ገዳሙ ነው። ማክሰኞ ጫካ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር ውሎ መጣ። ረቡዕ የበርሜሉን ነገር ሰምቶ ተክዞ ሲያድር፣ እንግዲህ አይሰጣቸውም ብዬ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን አጥቦ፣ በቁና ሞልቶ ተነሣ። ‘ለዚያች ልጅ ነው የምትወስደው?’ ብለው፣ ‘ሥራ ሌላ፣ ሠርግ ሌላ’ አለኝ። ‘ቀለሙ በደንብ ይያዝላት’ ብሎ ወሰደላት።”